ስለ ፖሊሲ ከምናወራ ስለ ኩላሊት እናውራ

«የጤና ፖሊሲ» የሚል ርእስ ሳይ ጣቴ ራሱ ገጹን ወደ ታች ይገፋዋል። እውነቴን ነው። ማዕቀፍ፣ ባለድርሻ አካላት፣ ተደራሽነት... ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ዓይኔ ይከደናል። ስለዚህ ዛሬ በሌላ በር ልግባ። ስለ ኩላሊት ላውራ። ፖሊሲ ሰው ላይ የሚሠራው ሥራ እንደ ኩላሊት መድከም በግልጽ የሚታይበት ሌላ ሕመም አላውቅም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ሲያቆሙ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ ወይ ንቅለ ተከላ፣ ወይ እጥበት። የተለመደው እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ክንድ ላይ ሁለት ወፈር ያሉ መርፌዎች ይገባሉ። በአንዱ ደም ይወጣል፣ ማሽኑ ላይ ባለው ማጣሪያ ያልፋል፣ በሌላው ይመለሳል። ሰውየው አንድ ሁለቴ ከቀረ ፈሳሹ ሳንባው ላይ ይጠራቀማል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይከማቻል፤ ፖታሲየም ሲበዛ የልብ ምት ይዛባል፣ ከባሰም ልብ ይቆማል። «ገንዘብ ሲገኝ እታከመዋለሁ» የሚባልለት በሽታ አይደለም።

ማሽኑ ራሱ ከ1960 በፊትም ነበር። ግን እያንዳንዱ እጥበት ደም ስር ስለሚያበላሽ ከጥቂት ጊዜ በላይ መቀጠል አይቻልም ነበር። በ1960 አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ቤልዲንግ ስክሪብነር የሚባል ሐኪም ክንድ ላይ ተተክሎ የሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ ይዞ መጣ። በዚያ ቱቦ መጀመሪያ የታከመው ክላይድ ሺልድስ ሞት አፋፍ ላይ የነበረ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ኖረ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማሽኑ ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ ሆነ። ማን ይግባ? ሐኪሞቹ ይህን ብቻቸውን መወሰን ከበዳቸውና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰባት ሰዎች ናቸው፦ አንድ ጠበቃ፣ አንድ የሃይማኖት አገልጋይ፣ አንድ የባንክ ሰው፣ አንዲት የቤት እመቤት፣ አንድ የመንግሥት ሹም፣ አንድ የሠራተኛ ማኅበር መሪና አንድ ቀዶ ሐኪም። ስማቸው አይገለጽም። ሐኪሞቹ በሕክምና ብቁ ናቸው ብለው ካለፏቸው ታማሚዎች መሐል እነዚህ ሰባት ሰዎች ይመርጣሉ። ዕድሜ ይታያል። የግዛቱ ነዋሪ መሆን ይታያል፤ ምርምሩ በግዛቱ ሰው ግብር ነው የተደገፈው ተብሎ። ከዚያ ደግሞ ስንት ልጅ አለው? ሥራው ምንድነው? ምን ያህል ተምሯል? ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል? በ1962 ላይፍ መጽሔት ታሪኩን ሲያወጣው አገር ጉድ አለ። ኮሚቴውም «የእግዜር ኮሚቴ» የሚል ስም ወጣለት።

እኔ ግን ስለዚህ ኮሚቴ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይገርመኛል። ቢያንስ ይታይ ነበር። ሰባት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ቁጭ ብሎ «ይሄ ይግባ፣ ያቺ ትቅር» ሲል ሰው ደነገጠ፣ ተናደደ፣ ተከራከረ። ዛሬም ምርጫው አለ፤ በየትም አገር አለ። ልዩነቱ ዛሬ የሚመርጠው የክፍያ ሠንጠረዥ ነው፣ የአንድ ቃል ፍቺ ነው፣ የሥራ ሰዓት ነው። ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ ማን ይናደዳል?

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በኅዳር 1971 ሼፕ ግሌዘር የሚባል የእጥበት ታካሚ ዋሺንግተን ላይ የምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ምስክርነት ለመስጠት ብቻ አልነበረም፤ ማሽኑን ይዞ ገብቶ እዚያው የእንደራሴዎቹ ዓይን እያየ ጥቂት ታጠበ። የሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ነገሩ በአንድ ትልቅ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ላይ እንደ ማሻሻያ ተለጥፎ ሴኔት ደረሰ። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። 52 ለ 3 አለፈ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጥቅምት 1972 ፈረመበት። ከሐምሌ 1973 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሽማግሌም ይሁን ወጣት፣ ለማኅበራዊ ዋስትናው እሱ ወይም ቤተሰቡ መዋጮ እስከከፈሉ ድረስ፣ የሽማግሌዎች መድህን የሆነው ሜዲኬር እጥበቱን ይሸፍንለት ጀመር። የልብ ሕመምተኛ ይህን አላገኘም። የካንሰር ታማሚም አላገኘም። ለአንድ አካል ብቻ የተከፈተ በር ነው። ለምን ኩላሊት ብቻ? ያኔ ብዙዎቹ አጠቃላይ የጤና መድህን በቅርቡ መምጣቱ አይቀርም፣ ይሄ መጀመሪያው ነው ብለው ነበር። ሳይመጣ ቀረ።

ታካሚ መራጮቹ ኮሚቴዎች ሥራ ፈቱ። መቼም ደስ የሚል ነገር ነው። ያኔ አሥር ሺህ ገደማ የነበረው የእጥበት ታካሚ ዛሬ እዚያ አገር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ሕጉ ሲወጣ ወጪው ይህን ያህል ብቻ ነው ያሉት ሰዎች ግን ሒሳባቸው በጣም ተሳስቷል።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ክፍያው የሕክምናውን መልክ የሚቀይረው እንዴት ነው?

ከ1973 በፊት እዚያው አሜሪካ ከእጥበት ታካሚዎች አርባ ከመቶ ያህሉ ቤታቸው ነበር የሚታጠቡት። ማሽኑ ሳሎን ውስጥ ይተከላል፣ ባል ወይም ሚስት ሥልጠና ይወስዳሉ፣ ማታ ማታ ይታጠባል። ሕጉ ከመጣ በኋላ ቁጥሩ ቁልቁል ወረደ። ማንም «ቤት መታጠብ ክልክል ነው» አላለም። አዲሱ አከፋፈል ለማዕከል የተመቸ ነበር፤ ቤት ለሚታጠብ ሰው ግን ብዙ ነገር ከኪሱ ይወጣ ነበር። ገንዘቡ ወደ ማዕከል ሲፈስ ማዕከል በየቦታው ተከፈተ። ማዕከል ሲከፈት ወንበሩ መሞላት አለበት። ወንበሩን የሚሞላው ታካሚው ነው። ቀስ በቀስ ስለ ቤት እጥበት በደንብ የሚያውቅ ነርስም ሐኪምም እያነሰ ሄደ፤ የማያውቀውን ነገር ደግሞ ማንም ለታካሚው አይመክርም። በ2019 ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ አውጥተው ሰዉን ወደ ቤት ለመመለስ መሞከር ጀመሩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው!

ሆንግ ኮንግን ደግሞ እዩ። እዚያ ከ1985 ጀምሮ የመንግሥት ሆስፒታሎች «መጀመሪያ በሆድ በኩል» የሚል መመሪያ አላቸው። ሌላ ዓይነት እጥበት ነው። ሆድ ላይ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ታካሚው ራሱ ሁለት ሊትር ያህል ፈሳሽ ወደ ሆዱ ያስገባል፣ ለሰዓታት ይዞት ይቆያል፣ ቆሻሻው ወደ ፈሳሹ ሲወጣ አፍስሶ አዲስ ይሞላል። በቀን ሦስት አራቴ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ። ኢንፌክሽን እንዳይገባ እጅ መታጠቡ ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል እንጂ ማሽንና ወንበር አይፈልግም። በዚህ መመሪያ ምክንያት ሆንግ ኮንግ ውስጥ አብዛኛው ታካሚ በሆድ በኩል ነው የሚታጠበው። ጃፓን ውስጥ ግን በዚህ መንገድ የሚታጠበው ከመቶ ሦስት ሰው ገደማ ነው። የጃፓን ሰው ሆድ ከሆንግ ኮንግ ሰው ሆድ ይለያል እንዴ? ልዩነቱን ያመጣው መመሪያውና ክፍያው ነው፣ ከዚያም ላይ የሐኪሞቹ ልምድ ተጨመረበት።

የኤፖ ታሪክ ከዚህም ይብሳል። ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያዝዝ ሆርሞንም ያመነጫል፤ ስለዚህ ኩላሊት ሲደክም ደም ማነስ አብሮ ይመጣል። በ1989 የሆርሞኑ ሰው ሠራሽ ቅጂ፣ ማለትም ኤፖ፣ ገበያ ላይ ዋለ። ትልቅ ነገር ነበር፤ የሌላ ሰው ደም በየጊዜው ከመውሰድ ብዙ ሰው አዳነ። ግን ሜዲኬር እጥበቱን በቁርጥ ዋጋ እየከፈለ ኤፖውን ለብቻው፣ በተሰጠው መጠን ልክ ይከፍል ነበር። ብዙ የሰጠ ብዙ ያገኛል ማለት ነው። መጠኑ ከዓመት ዓመት ጨመረ፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሜዲኬር ለዚህ አንድ መድኃኒት በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ያወጣ ነበር። በመሐል ጥናቶች ወጡ፦ ደሙን ከልክ በላይ ለማብዛት መሞከር ለስትሮክና ለልብ ችግር ያጋልጣል። በ2011 ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ተገናኙ። መድኃኒት ተቆጣጣሪው ማስጠንቀቂያውን አጠበቀ፤ ሜዲኬር ደግሞ ኤፖውን ከእጥበቱ ጋር በአንድ ጥቅል ዋጋ አደረገው። አሁን ብዙ መስጠት ትርፍ ሳይሆን ወጪ ሆነ። መጠኑ ወዲያው ወረደ።

ከሁለቱ የትኛው የበለጠ ሠራ ብሎ መለየት ያስቸግራል። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እዚያ መሐል ክፉ ሰው መፈለግ አያስፈልግም። ነርሷ መመሪያውን ተከትላለች። ሐኪሙ የታካሚው ደም ከፍ ሲል ጥሩ ሠራሁ ብሎ ነው የሚያስበው። ማዕከሉ ሒሳቡን ይሠራል። ሁሉም የየራሱን ሥራ በቅንነት ሠርቶ ታካሚው የማያስፈልገውን መድኃኒት ሊወጋ ይችላል። ስለ ሕክምና ስናወራ «ሐኪሞቹ ገንዘብ ይወዳሉ» ማለት ይቀናናል፤ አንዳንዱ ይወዳል፣ ልክ ነው፤ ግን አከፋፈሉን ሳይነኩ ሰውን ብቻ መስደብ ምንም አያመጣም።

ታይላንድ ላይ በአጭሩ ላልፍ አስቤ ነበር፤ ግን ቀላል አይደለም። በ2002 መላ አገሪቱን ያዳረሰ ትልቅ የጤና ሽፋን ጀመሩ፤ ሰው ለአንድ ጉብኝት 30 ባህት፣ ማለትም ከአንድ ዶላር ያነሰ ይከፍል ነበር። ዓለም ያጨበጨበለት ነው፣ ይገባዋልም። እጥበት ግን አልተካተተም ነበር። በጣም ውድ ነው ተባለ። ስለዚህ ጉንፋን የያዘው በ30 ባህት ሲታከም ኩላሊቱ የደከመው ቤቱን ይሸጥ ነበር። በ2008 ተካተተ፤ በሆድ በኩል ያለው ይቅደም ተብሎ፣ ምክንያቱም ገጠር ድረስ ማሽን ማዳረስ አይቻልም፣ የፈሳሽ ከረጢት ግን በፖስታ ቤት ማድረስ ይቻላል። ሠራ። በ2022 ደግሞ ታካሚው ራሱ ይምረጥ ተባለ። ማን ይቃወማል? ግን ወዲያው ብዙ ሰው ወደ ማሽኑ ጎረፈ፤ ማሽን ያለው የግል ማዕከል ነው፣ ወጪው አሻቀበ፣ በሆድ በኩል የሚደረገውን የሚያውቁት ነርሶችም ሥራው እየሳሳባቸው መጣ። ለታካሚው ነፃነት መስጠት ደግ ነገር ነው። ግን ነፃነቱን ሲሰጡት ገበያው ወደየት እንደሚጎትተው ቀድሞ ማየት ያስፈልግ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

አሁን ስጽፈውም የሚያናድደኝን ላምጣው።

እዚያው አሜሪካ ሰነድ የሌለው ስደተኛ ሜዲኬር አያገኝም። በ1986 የወጣ ሕግ ግን አለ፤ ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው፣ ገንዘብ ኖረውም አልኖረውም፣ ወረቀት ኖረውም አልኖረውም፣ መርምሮ ማረጋጋት ግዴታ ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ሁለቱን ሕጎች ስትደራርቧቸው ግን ምን እንደሚወጣ እዩ። በብዙ ግዛቶች ሰውየው በሳምንት ሦስቴ መታጠብ አይችልም፤ ሊሞት ሲል ግን መታጠብ ይችላል። ስለዚህ ይጠብቃል። እግሩ ያብጣል። ተኝቶ መተንፈስ ሲያቅተው ቁጭ ብሎ ያድራል። ከዚያ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል፣ ደሙ ይታያል፣ የልቡ ምት በወረቀት ይነበባል። ፖታሲየሙ የተወሰነው ቁጥር ላይ ከደረሰ ይታጠባል። ካልደረሰ «ገና ነህ፣ ነገ ና» ተብሎ ወደ ቤቱ ይላካል። ይህን የምትለው ሐኪም ሰውየው ነገ ብሶበት እንደሚመጣ ታውቃለች። እሱም ያውቃል። በየሳምንቱ እንዲህ ነው።

በ2018 አንድ ጥናት ታተመ። በዚህ መንገድ ብቻ የሚታጠቡ የዴንቨርና የሂዩስተን ስደተኞችን፣ መደበኛ እጥበት ከሚያገኙ የሳን ፍራንሲስኮ ስደተኞች ጋር አነጻጸረ። በአምስት ዓመት ውስጥ በድንገተኛ ክፍል ብቻ የሚታጠቡት የመሞት ዕድል ከሌሎቹ 14 እጥፍ ነበር። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ወጪው ነው። ድንገተኛ ክፍልና አልጋ ሲደመር፣ ሰውን ሞት አፋፍ አድርሶ መመለስ በሳምንት ሦስቴ ከማጠብ ይበልጥ ያስወጣል። ማለትም ይህ ፖሊሲ ገንዘብ እንኳ አያተርፍም። ማንንም አይጠቅምም። ሐኪሞቹን ሳይቀር ይሰብራል፤ በዚህ ሥራ ላይ የነበሩ ሐኪሞችና ነርሶች ለተመራማሪዎች የተናገሩትን ማንበብ ይከብዳል።

በ2019 ዴንቨር የምትገኝበት የኮሎራዶ ግዛት ነገሩን ፈታችው። እንዴት? አዲስ ትልቅ ሕግ አላወጣችም፣ ሆስፒታልም አልሠራችም። የድንገተኛ ሕክምና ክፍያ የሚሸፍነው ዝርዝር ላይ «የኩላሊት መድከም ራሱ ድንገተኛ ሁኔታ ነው» ብላ ፍቺውን ቀየረች። በቃ። ያው ሰው፣ ያው ሆስፒታል፣ ያው ማሽን፤ ከዚያ ወዲህ ግን በቀጠሮ ይታጠባል።

ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። በሳምንት ሦስቴ የሚለው መርሐ ግብር ከየት መጣ? ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ነው። እሑድ ማዕከሉ ዝግ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ የሁለት ቀን ክፍተት አለ። በ2011 የታተመ ሰፊ ጥናት ሞትም ሆስፒታል መግባትም ከዚያ ረጅም ክፍተት ማግስት እንደሚጨምር አሳየ። ሠራተኛው ማረፍ አለበት፣ እኔም ብሆን እሑድ አልሠራም። ግን ይህ የሥራ ሰዓት ውሳኔ እንጂ የሕክምና ውሳኔ አይደለም፤ «ሕክምናው እንዲህ ነው» ተብሎ ነው ታካሚው የሚነገረው።

ስለ መከላከልም አንድ ሁለት ነገር ማለት አለብኝ። ኩላሊትን በዋናነት የሚያደክሙት ስኳርና የደም ግፊት ናቸው። ግፊት ደግሞ ከጨው ጋር ይያያዛል፤ ፊንላንድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ እንግሊዝ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የምግብ አምራቾችን እየገፉ ጨው አስቀንሰዋል፣ የሕዝቡም ግፊት ወርዷል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሐኪም ቤት የሄደ የለም። ችግሩ መከላከል ምስክር የለውም። ግሌዘር ማሽኑን ይዞ ምክር ቤት ገባ፤ ኩላሊቱ ሳይደክም የቀረለት ሰው ግን ማን መሆኑን ራሱም ስለማያውቅ ማንም ፊት አይቀርብም። በጀት ሲከፋፈል የሚያለቅስ ያሸንፋል፤ ይህን በክፋት አይደለም የምለው፣ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ፊቴ የተቀመጠውን ሰው ነው የማስቀድመው።

ንቅለ ተከላ ቀረኝ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ስፔንን ይጠቅሳል፤ ብዙው ሰው ግን በተሳሳተ ምክንያት ነው የሚጠቅሳት። በ1979 የወጣው ሕጓ ሰው በሕይወቱ እያለ «አልፈልግም» ካላለ ሲሞት ለጋሽ ነው ይላል። ወሬው «ስፔን በዚህ ሕግ አንደኛ ሆነች» የሚል ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን አሥር ዓመት ያህል ብዙም ለውጥ አልታየም። ለውጡ የመጣው በ1989 ብሔራዊ የንቅለ ተከላ ድርጅት ተቋቁሞ፣ ራፋኤል ማቴሳንስ እየመሩት፣ በየሆስፒታሉ ይህን ሥራ ብሎ የያዘ ሰው ሲመደብ ነው። አብዛኞቹ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሐኪሞች ናቸው። ማን ሊሞት እንደሆነ ቀድመው ያውቃሉ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሠልጥነዋል፣ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ ለዚህም ይከፈላቸዋል። ቤተሰቡ አይሆንም ካለ አይወስዱም፤ ሕጉ ቢፈቅድም። ማቴሳንስ ራሳቸው ሕጉ እዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው ሲሉ ኖረዋል።

ሌሎች አገሮች ግን የቀዱት ሕጉን ነው፤ ሕግ መቅዳት ሰው ቀጥሮ ከማሠልጠን ይረክሳላ። ዌልስ በ2015፣ እንግሊዝ በ2020 «አልፈልግም ካላለ ለጋሽ ነው» ወደሚለው ዞሩ። እንግሊዝ ውስጥ ሕጉ ከተቀየረ በኋላ የቤተሰብ ፈቃድ እንደታሰበው አልጨመረም። ሟቹ ምን ይፈልግ እንደነበር አሁንም ቤተሰቡ ነው የሚጠየቀው፣ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ በሕይወቱ እያለ አንድም ቀን አንስተውበት አያውቁም።